ሥራ ያለው ሰው ዳዊት እንዴት ይድገም? መዝሙረ ዳዊትን የዕለት ጸሎት ለማድረግ

ዐቢይ ጾም ሲገባ ዳዊት የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። የጾሙ እኩሌታ ደብረ ዘይት ሲደርስ ግን አብዛኛው መጽሐፉን መልሶ ከመደርደሪያው ላይ አስቀምጦታል። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። አብዛኞቻችን ስንጀምር የያዝነው ልክ በገዳም ለሚኖር አባት እንጂ ጠዋት ታክሲ ለሚሰለፍ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ፣ ማታ ደክሞት ለሚገባ ሰው የተሰፈረ አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህ መመሪያ ቤተሰብና ሥራ ላለው፣ ዳዊት መድገም ለሚመኝ ግን ከየት እንደሚጀምር ግራ ለገባው ምእመን የተጻፈ ነው። የምመክረው መንገድ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጥቂት መዝሙር፣ በተራው፣ ሳይመርጡ። ሦስተኛው ነገር ከሁሉም ይበልጥብኛል። ለምን እንደሆነ ቆይቼ አስረዳለሁ።

መጽሐፉን መምረጥ

ገበያ ላይ ግዕዙን ብቻ የያዘ፣ አማርኛውን ብቻ የያዘ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያተመ ዳዊት ይገኛል። ግዕዝ ለማትሰሙ ሦስተኛው ይሻላል። ጸሎቱን በአማርኛ አድርሱ፤ በግዕዙ ደግሞ አንድ አጭር መዝሙር ቀስ ብላችሁ ያዙ። 22ኛው፣ «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ ወአልቦ ዘየኀጥአኒ» የሚለው፣ ለጀማሪ ይመቻል። በአማርኛ የጸለዩት ጸሎት ደረጃው ዝቅ ያለ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በመንፈስ ብቻ ሳይሆን በአእምሮም እጸልያለሁ ማለቱን ያስታውሱ።

ቀጥሎ የቁጥሩን ነገር አጣሩ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። የቤተ ክርስቲያናችን ዳዊት የሰባ ሊቃናትን፣ ብሉይን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የመለሱትን ተርጓሚዎች፣ አቆጣጠር ይከተላል። ከዕብራይስጡ የተተረጎሙ መጻሕፍት 9 እና 10 ብለው የሚለዩትን እርሱ አንድ መዝሙር አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከ10ኛው ጀምሮ ለብዙ መዝሙሮች ልዩነቱ አንድ ነው፦ የእኛ 22 በሌላው 23፣ የእኛ 50 በሌላው 51፣ የእኛ 90 በሌላው 91 ይሆናል። ከ148ኛው ላይ ሁለቱ እንደገና ይገናኛሉ። አንድ ሰው «መዝሙር 91ን አንብብ» ቢላችሁ የትኛውን አቆጣጠር እንደያዘ ጠይቁት። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሰው ሁሉ በእኛ ቁጥር ነው።

ስልክ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ በመንገድ ላይ ላለ ሰው እንዲያውም ሌላ አማራጭ የለም። ቤት ውስጥ ግን የታተመውን ያዙ። ስልኩ የግድ ከሆነም መልእክት እንዳይገባ አድርጋችሁ ክፈቱት። «አቤቱ፥ ጸሎቴን ስማ» በሚለው መሐል የባንክ መልእክት ብቅ ሲል ልብ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ልክን መወሰን

የቆየው ሥርዓት ዳዊትን በሳምንት ያደርሳል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይነበባል። እያንዳንዱ ዐሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ስለሚባል ጠቅላላው 15 ንጉሥ ነው። ሠላሳውን መዝሙር በድምፅ ለማድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ለካህን፣ ለመነኩሴ፣ በጡረታ ላይ ላሉ እናትና አባት ይህ የሚቻል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከቤት ለሚወጣ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን የሚሰብር ሸክም ይሆንበታል።

ለጀማሪ በቀን ሦስት መዝሙር ይበቃል፤ ሁለቱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ። ስሌቱም ያምራል፤ 150 ለሦስት ሲካፈል 50 ነው፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ቀናት ልክ እነዚህ ናቸው። በዚያ ወቅት ጾምም ስግደትም ስለሌለ፣ ለጀማሪ ከዐቢይ ጾም ይልቅ የሚቀል ይመስለኛል። የወቅቱ ዝማሬ ደስታ ሆኖ በእጅ የያዙት መዝሙር ኀዘን የሚሆንበት ቀን ግን ይመጣል። ለዚያ ከታች መልስ አለው።

118ኛው መዝሙር በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። 176 ቁጥር አለው፤ በዕብራይስጥ ፊደላት ቅደም ተከተል አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ በ22 ክፍል ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ቁጥር ይይዛል። እርሱ ላይ ስትደርሱ ሌላውን አቁማችሁ በቀን ሁለት ሁለት ፊደል ሂዱ፤ በ11 ቀን ታደርሱታላችሁ። ሃምሳው ቀን ስድሳ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ይሁን። መዝሙሩ ስለ አንድ ነገር ብቻ፣ ስለ እግዚአብሔር ሕግ፣ እየተመላለሰ የሚናገር በመሆኑ አንድ ላይ ሲነበብ ያዝላል፤ ሲቆረስ ግን እያንዳንዱ ስምንት ቁጥር ለብቻው የቆመ ጸሎት ነው።

የመረጣችሁትን ልክ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉላችሁ ይሆናል። ከዚህም በላይ ግን፣ ለአባት የተነገረ ልክ በራስ ስሜት በየሳምንቱ አይለዋወጥም።

ሰዓትና ቦታ

የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፦ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። መሠረቱ ራሱ ዳዊት ነው፤ በ118ኛው መዝሙር በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ይላል። ሁላችንም ሰባቱን መጠበቅ አንችልም። ሁለቱን፣ የጠዋቱን ነግህንና የመኝታውን ንዋምን፣ አጥብቃችሁ ያዙ። በቀሩት ሰዓታት ደግሞ ባላችሁበት ሆናችሁ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» በልባችሁ ማድረስ አያቅታችሁም። በ6 ሰዓት ጌታ መሰቀሉን፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን መስጠቱን የሚያስብ ሰው ለምሳ ሲነሣም ትንሽ ቆም ይላል።

ጠዋት ፊታችሁን ታጥባችሁ ስልክ ሳትከፍቱ ጀምሩ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ዜና አይቶ የመጣ ሰው ጸሎቱ ውስጥ ዜናውን ይዞ ይገባል። ቦታው በቤታችሁ ወደ ምሥራቅ የሚያስቆም አንድ ማዕዘን ይሁን፤ ሥዕል ካለ መልካም፣ ነጠላ ካለ ለብሳችሁ ቁሙ። የታመመ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ ይጸልያል።

ማዕዘን የሌለውስ? በዓረብ አገር በአሠሪዋ ቤት ጠባብ ክፍል የምታድር እኅት፣ አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ ወንድም፣ ድምፅ ማሰማት የማይችልበት ሆስፒታል ያለ አስታማሚ አለ። የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር። እግዚአብሔር ግን ሰማት። ዳዊትም በ62ኛው መዝሙር በመኝታው ላይ ሆኖ እግዚአብሔርን ያስባል። አልጋም የጸሎት ቦታ ነው።

አጀማመርና አነባበብ

አማትቡ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» ብላችሁ አቡነ ዘበሰማያትንና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን አድርሱ፤ ከዚያ ወደ መዝሙሩ ግቡ። ሲያበቃም በአቡነ ዘበሰማያት ዝጉ። ይህ ሁሉ ከሦስቱ መዝሙሮች ጋር ብዙ አይፈጅም። የሚያረዝመው ልብን መሰብሰቡ ነው፤ ስለዚህ ከማማተባችሁ በፊት ትንሽ ዝም ብላችሁ ቁሙ።

የመዝሙሩን ርእስ አትዝለሉ። የ50ኛው ርእስ ዳዊት ወደ ቤርሳቤህ ከገባ በኋላ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ የተጸለየ መሆኑን ይነግራችኋል። ይህን ያነበበ ሰው «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። የሰው ሚስት የወሰደ፣ ባሏንም በጦር ግንባር ያስገደለ ንጉሥ ነው የሚናገረው። ጊዜ ካላችሁ መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 11ንና 12ን በዚያ ቀን ምሽት አንብቡ።

በድምፅ አንብቡ፤ በጣም አትፍጠኑ። መዝሙር አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ የመናገር ልማድ አለው፦ «ከበደሌ ፈጽሞ እጠበኝ፥ ከኃጢአቴም አንጻኝ» እንደሚለው። በሁለቱ መሐል ያለው ነጠላ ሰረዝ የትንፋሽ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ በአፍ ሲነገር ሁለተኛው ለልብ ጊዜ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ሰው ዳዊትን ዕዳ እንደሚከፍል ያዘንበዋል፤ ሲጨርስ ምን እንዳለ ብትጠይቁት አያውቅም። ሦስት መዝሙር የበዛበት ሰው አንድ ይድገም፤ ግን ይስማው።

አንድ መዝሙር ስንገልጠው

12ኛውን ውሰዱ። ስድስት ቁጥር ብቻ ያለው ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ? እስከ መቼስ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?» ብሎ ይጀምራል። በሁለቱ የመጀመሪያ ቁጥሮች «እስከ መቼ» የሚለው አራት ጊዜ ይመላለሳል። አንደኛው ስለ መረሳት፣ ሁለተኛው ስለ ተሰወረ ፊት፣ ሦስተኛው በነፍስ ውስጥ ስለሚብላላ ትካዜ፣ አራተኛው በላዩ ስለሚጓደድ ጠላት ነው። ቅሬታውን ማንን ሳይፈራ ለማን እንደሚያቀርብ ልብ በሉ፤ ለጎረቤት አላማም፣ ለራሱም አላጉረመረመም፤ ለእግዚአብሔር ፊት ለፊት ተናገረ።

ከዚያ ልመናው ይመጣል፦ «እየኝ ስማኝም፤ ለሞትም እንዳላንቀላፋ ዓይኖቼን አብራ።» ልመናው አጭር ነው። ጠላቴን አጥፋ አላለም፤ ዓይኔን አብራ ነው ያለው። በአምስተኛው ቁጥር «እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ» ይላል። በአራተኛውና በአምስተኛው ቁጥር መካከል ምን ተፈጠረ? መዝሙሩ አይነግረንም። ጠላቱ አልወደቀም፣ ሁኔታው ተለወጠ የሚል ቃል የለም። የተለወጠ ነገር ካለ የሰውየው አቋቋም ነው።

ይህን መዝሙር ስትደግሙ ከአራቱ «እስከ መቼ» አንዱ ላይ ቆም በሉና የራሳችሁን አስገቡ። ሥራ ፈላጊው «እስከ መቼ ደጅ እጠናለሁ?» ይበል። ሐኪም ቤት የምትመላለሰው «እስከ መቼ ምርመራ?» ትበል። ከዚያ ግን ወደ መዝሙሩ ተመለሱና እስከ መጨረሻው ሂዱ። የራሳችሁ ጥያቄ ላይ ቆማችሁ ከቀራችሁ ትካዜ ብቻ ይዛችሁ ትነሣላችሁ። በማትፈልጉትም ቀን ቢሆን «እኔ ግን» ወደሚለው ቁጥር ዝለቁ።

ሁሉም መዝሙር ግን በ«እኔ ግን» አያልቅም። 87ኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለቅሶ ነው፤ የሚዘጋውም ወዳጅና ጎረቤት ከራቁበት ጨለማ ውስጥ ሆኖ ነው። እርሱን በጨረሳችሁ ጊዜ ራሳችሁን በግድ አታጽናኑ። በቅዱሳት መጻሕፍት መካከል ቦታ የተሰጠው እንዲሁ ሆኖ እንዲጸለይ ነው።

ሳይመርጡ የሚለው ነገር

ብዙ ሰው ዳዊትን እንደ መድኃኒት ዝርዝር ይይዘዋል፦ ለፍርሃት 90፣ ለንስሐ 50፣ ለመንገድ 120። እነዚህን መዝሙሮች በጭንቅ ጊዜ መጥራት መልካም ነው፤ አበውም ያደርጉታል። የዕለት ጸሎታችሁ ግን እነዚህ ብቻ ከሆኑ የምትጸልዩት ራሳችሁን ብቻ ይሆናል። ተራውን የጠበቀ ሰው የማይፈልገው መዝሙር ይመጣበታል። ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው።

ልጅህ በተመረቀ ማግስት «ጠላትስ ቢሰድበኝ በታገሥሁ ነበር» የሚለው 54ኛው መዝሙር ይደርስሃል፤ በወዳጁ የተከዳ ሰው ጸሎት ነው። አንተን አልከዳህም ማንም። ታዲያ የማነው? በመሥሪያ ቤትህ ባልደረባው ያስባረረው ሰው አለ፤ ከባልዋ የተለየች ጎረቤት አለች። የእነርሱን ስም በልብህ ይዘህ ስለ እነርሱ ድገመው። እነርሱ በዚያ ቀን መጸለይ አቅቷቸው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ለቅሶ ቤት ተቀምጠህ 97ኛው ሊደርስ ይችላል፤ ለእግዚአብሔር አዲስ ምስጋና አመስግኑ የሚል ነው። ለጊዜው የአንተ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ በዚያ ሰዓት ሕፃን ተወልዶ የሚያመሰግን ሰው ግን አለ፤ ከእርሱ ጋር ድገመው።

ቅዱስ አትናቴዎስ ለመርኬሊኖስ በላከው ደብዳቤ መዝሙራት ለሚዘምራቸው ሰው መስተዋት እንደሚሆኑ ጽፏል። እውነት ነው፤ ሰው በመዝሙር ውስጥ የራሱን ነፍስ ያያል። በተራው ለሚደግም ሰው ደግሞ የሌላውም ፊት ይታየዋል። 136ኛው፣ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ያለቀሱት ሰዎች መዝሙር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሩቅ ሊሆንበት ይችላል፤ ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች እኅቱን ሲያስብ ግን ቅርብ ይሆናል።

የእርግማኑ መዝሙሮችስ?

108ኛው ላይ ስትደርሱ ልባችሁ ይደነግጣል። በጠላት ላይ የሚወርደው ቃል ከባድ ነው። የ136ኛው መጨረሻም እንዲሁ የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት ላይ ስለሚፈጠፍጥ ሰው ይናገራል። በእነዚህ መዝሙሮች የሰው ስም እያነሡ ጎረቤትን መርገም ፈጽሞ አይገባም፤ ጠላታችሁን ውደዱ ያለን ጌታ ነው። ተዘልለው ይታለፉ ማለቴ ግን አይደለም። አበው እነዚህን ጠላቶች አጋንንትና ክፉ ፈቃድ ብለው ተርጉመዋቸዋል፤ የባቢሎን ሕፃናትም ገና ያልጎለመሱ ክፉ ሐሳቦች፣ ዓለቱም ክርስቶስ ነው ይላሉ። ቂም ሲጀምር ሕፃን ነው። ሲያድግ ቤት ያፈርሳል። ሳያድግ ወደ ክርስቶስ አምጥቶ መስበር ነው የመዝሙሩ ምክር። እኔ ይህን ትርጓሜ ከያዝኩ ወዲህ 108ኛው የምፈራው ሳይሆን የምፈልገው መዝሙር ሆኗል፤ የምጠላውን ነገር ለመጥላት ቃል ይሰጠኛልና።

ሌላም መንገድ አለ። በዓለም ላይ በእውነት የተገፉ፣ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ሰዎች አሉ። ቁጣቸውን በሰይፍ ሳይሆን በጸሎት ወደ እግዚአብሔር ያመጡ ዘንድ መዝሙሩን ስለ እነርሱ ድገሙት።

አንድ ቁጥር ይዞ መውጣት

ከጠዋቱ መዝሙር አንዲት ቁጥር ምረጡ፤ አጭር ትሁን። ወረቀት ላይ ጻፏትና ከኪሳችሁ አኑሯት። ቀኑን ሙሉ እርስዋን ብቻ ይዛችሁ ዋሉ። ለምሳሌ 140፥3፦ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር፥ የከንፈሮቼንም መዝጊያ ጠብቅ።» ይህችን ይዞ ወደ ሥራ የገባ ሰው ረፋድ ላይ ቡና ሲጠጣ የሌላ ሰው ስም ይነሣል። ያኔ የሚያስፈልገው ረጅም ተግሣጽ አይደለም፤ በሆዱ «ለአፌ ጠባቂ አኑር» ብሎ ሲኒውን ማንሣት ነው። ስብሰባ ላይ መልስ ለመስጠት ሲቸኩል፣ ቤት ገብቶ በልጁ ላይ ሊጮህ ሲል፣ ያቺው ቁጥር ትመለሳለች። ማታ ስትተኙ የት ላይ እንደረዳቻችሁ፣ የት ላይ እንደረሳችኋት አስቡና 4ኛውን መዝሙር የሚዘጋውን ቃል በሉ፦ «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም።»

ሲቋረጥ

ይቋረጣል። ልጅ ይታመማል፣ መንገድ ይመጣል፣ እንቅልፍ ያሸንፋል። ያልደገማችሁትን አታከማቹ። የትናንቱን ሦስት ከዛሬው ጋር ስድስት፣ ከነገው ጋር ዘጠኝ ካደረጋችሁት ዳዊቱን የምትሸሹት ይሆናል። ባቆማችሁበት ገጽ ክር አድርጉ፤ ከዚያ ቀጥሉ። ከአንድ ሳምንት በላይ ከተቋረጠ ልኩን ወደ አንድ መዝሙር አውርዱና ጥቂት ቀን በዚያ ቆዩ። ሦስተኛ ሳምንት ካለፈ ለንስሐ አባት መንገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከሰዓት ማጣት በላይ የሆነ ነገር ይገኝበታል።

ልብ ደርቆ ቃሉ እንጨት እንጨት የሚልበት ወራትም አለ። በዚያ ጊዜ ልክ አትጨምሩ፣ መዝሙርም አትለዋውጡ። ቆማችሁ ድገሙ። 42ኛው ላይ ነፍሱን «ለምን ታዝኛለሽ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው መልስ ሳያገኝ ነው በእግዚአብሔር ታመኚ የሚላት።

እሑድና ከዚያ በኋላ

በሦስት መዝሙር የሚሄድ ሰው እሑድን ከመዝሙር ነጻ አድርጎ ጸሎተ ነቢያትን ቢያነብ ይመረጣል። ዐሥራ አምስት ናቸው፤ ከሙሴ የባሕር መዝሙር ጀምሮ የሐናን፣ የዮናስን፣ የዕንባቆምን፣ የሠለስቱ ደቂቅን ይዘው በእመቤታችን፣ በዘካርያስና በስምዖን ጸሎት ወደ ሐዲስ ይሻገራሉ። እሑድ ሲወጣ ከላይ ያሰላነው ስድሳ ቀን ሰባ ገደማ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ እሑድ ሁለት ቢነበብ ዳዊቱ ሳያልቅ እነርሱ ያልቃሉ። ቅዳሴ ለሚያስቀድስ ሰው በዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጨመር አያስፈልገውም።

የመጀመሪያውን ዙር ስትጨርሱ ልክ ለመጨመር አትቸኩሉ። ሁለተኛውንም በዚያው ልክ ድገሙት፤ በሁለተኛው ዙር የምታውቁት ቃል ስለሚበዛ አንደበታችሁ ይፈታል፤ ያኔ ከአባታችሁ ጋር ተማክራችሁ በቀን ወደ አምስት፣ ቆይቶም ወደ አንድ ንጉሥ መውጣት ትችላላችሁ። ከ150ኛው ቀጥሎ 151ኛ መዝሙር ብታገኙ የኅትመት ስሕተት አይምሰላችሁ። ከወንድሞቹ የሚያንሰው እረኛ ጎልያድን ስለመግደሉ የሚናገር፣ ከቁጥር ውጭ ሆኖ የተጨመረ አጭር መዝሙር ነው፤ ዙሩን በጨረሳችሁበት ምሽት እርሱንም አንብቡት።